በቅሎዋን የያዘው ሰው ማን ነበር?

ዋልያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን ወስዷል፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቢራም ወጥቶለታል። ማልያ ላይ እናየዋለን፣ ጠርሙስ ላይ እናየዋለን፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እንሰድበዋለን። እንስሳውን በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላችን ስንት ይሆናል? እጅ አውጡ ብል ብዙ እጅ የማይ አይመስለኝም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዋልያ የሚኖረው በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ጎንደርን አልፎ፣ ዳባትን አልፎ፣ ደባርቅ ላይ መውረድ፣ ስካውት መያዝ፣ በቅሎ መጫን ያስፈልጋል።

በሌላው ዓለም ሰው ክረምቱ ሲወጣ ገና በበጋው መጀመሪያ ወደ ራቀ ሎጅ ሄዶ፣ የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ ቀጥሮ ዓሣ ያጠምዳል። ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም፤ ባሌ ውስጥ በዌብ ወንዝ የሚጠመደው ትራውት የሚባለው ዓሣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ ተጭኖ የመጣ ነው። ፈረንጅ መዝናኛውን በበርሜል ይዞ ይመጣል ማለት ነው! ሰሜን ተራሮች ላይ ግን ዓሣ ማምጣት አላስፈለገም። የሚፈለገው እዚያው ገደሉ ላይ ቆሞ ነበር፤ መጀመሪያ በጠመንጃ፣ በኋላ በካሜራ። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ እንስሳው ሳይሆን እንግዶቹን እየመራ ገደሉ ጫፍ ድረስ ስላደረሳቸው ሰው ነው። ስሙን ፈልጌ ያላገኘሁት ሰው።

(ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው። የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ስለ ሰሜን የተጻፈው የመጀመሪያው የጉዞ ወሬ የንጉሥ ወሬ ነው። ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ከድንጋይ ዙፋን የገለበጠው ጽሑፍ አለ። ጽሑፉን ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ተከዜን ተሻግሮ የሰሜንን ሕዝብ እንደወጋ፣ ተራሮቹ ለመውጣት የሚያስቸግሩ እንደሆኑና በረዶው እስከ ጉልበት እንደሚያሰጥም ይናገራል። ንጉሡን በዚያ በረዶ ውስጥ መንገድ ያሳየው ሰው ነበረ መቼም፤ ድንጋዩ ግን ስለሱ ዝም ይላል። በነገራችን ላይ ከአክሱም ሆኖ ለሚያይ ሰው ሰሜን የሚገኘው በስተደቡብ ነው። የጂኦግራፊ ፈተና ላይ ቢመጣ ስንቶቻችን እንወድቅ ነበር!

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰሜን መዳረሻ ሳይሆን መተላለፊያ ነው። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው ነጋዴ ሁሉ ሊማሊሞን መውጣት ግዴታው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጎንደር የገባው በዚያው ዳገት ወጥቶ ነው። ሊማሊሞ ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር፤ የዛሬው የኬላ ወረፋ አዲስ ነገር አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በሩፔል ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው፤ በ1832 እ.ኤ.አ. በሰሜን በኩል አልፎ ወደ ጎንደር ሄዷል። የእንስሳ ቆዳና ቀንድ እየሰበሰበ፣ እየለካ፣ እየጻፈ። አገሩ ሲመለስ ያሳተመው መጽሐፍ ሦስቱን የሰሜን ታላላቅ ነዋሪዎች ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ፦ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን። እስከ ዛሬ የሦስቱም ሳይንሳዊ ስም ሲጻፍ ከጎኑ የሩፔል ስም ይጻፋል፤ ደንቡ ነው።

አሁን ስሞቹን ልብ በሉልኝ። ዋልያ በሳይንስ ቋንቋ «ካፕራ ዋሊ» ነው። ጭላዳ «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ» ነው። እነዚህ ላቲን ናቸው? የመጀመሪያዎቹ ቃላት የላቲንና የግሪክ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ግን የኛው ናቸው። አንድ ቀን አንድ የሰሜን ሰው ጣቱን ወደ ገደሉ ቀስሮ «ያ ዋልያ ነው» ብሏል። ሌላ ቀን፣ ያው ሰው ይሁን ሌላ፣ «ይሄ ጭላዳ ነው» ብሏል። ፈረንጁ የሰማውን እንደሰማው ጻፈው፣ «ጭ»ን ምላሱ አልችል ብሎት «ጌ» አደረገው፣ እናም የዚያ ሰው ቃል በለንደንም በቺካጎም በቶኪዮም ሙዚየም መስታወት ስር ተለጥፎ ይኖራል። ቃሉ የእሱ፣ ስሙ የሌላ! እኔን ይሄ ከሩፔል መጽሐፍ በላይ ይገርመኛል።

ከሩፔል በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 እ.ኤ.አ. ራስ ደጀንን እንደወጡ ተመዝግቧል፤ «የመጀመሪያዎቹ» ተብለው። የመጀመሪያዎቹ ምን? እዚያ ተራራ ላይ በግ የሚያግደው ልጅ ሰው አይደለም እንዴ? (ትምህርት ቤት ራስ ዳሸን 4620 ሜትር ነው ብለን ሸምድደን ነበር። አሁን የሚሰጠው ቁጥር 4533 ገደማ ነው፤ ተራራው አልወረደም፣ ሜትሩ ነው የተሻሻለው። የአገሩ ሰው ደግሞ የሚጠራው ራስ ደጀን ብሎ ነው።) በዚያው ዘመን የሰሜንና የትግሬ ገዢ የነበረው ደጃዝማች ውቤ ጀርመናዊውን የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐርንና ሠዓሊውን ዛንደርን አጠገቡ አድርጎ ደረስጌ ማርያምን ያሠራ ነበር፤ ሊነግሥባት አስቦ ነው ይባላል። የካቲት 1847 ላይ ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሺምፐር ግን አገሩ አልተመለሰም፤ እዚሁ ኖሮ እዚሁ ሞተ። የሰሜንን ሣርና አበባ እያደረቀ ለአውሮፓ ይልክ ነበር።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። የመጀመሪያው ዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ለእንግሊዝ መኮንኖች አደን ማለት ለእኛ እግር ኳስ ማለት ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ሜጀር ሜይደን ከጓደኛው ከጊልበርት ብሌን ጋር ወደ ሰሜን የመጣው ለዋልያ ነው። ሌላ ቦታ የማይገኝ ቀንድ ግድግዳ ላይ መስቀል ትልቅ ክብር ነበረዋ። መጽሐፉ በ1925 እ.ኤ.አ. ለንደን ታተመ፤ ርዕሱም ስለ ሰሜን ከፍታዎችና ገደሎች ይናገራል። የዋልያ አደን አስቸጋሪነቱ ከላይ ወደ ታች መሆኑ ነው። አዳኙ ገደሉ አፋፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቁልቁል ያያል፤ እንስሳው ከታች ባለች አንዲት መደብ ላይ ሣር ይግጣል። ቢመቱትም ይወድቃል እንጂ አይገኝም፤ ወርዶ የሚያመጣው የአገሩ ሰው ነው። በባዶ እግሩ ወይ በጎማ ጫማ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በዚያ ሰው በማይቆምበት ገደል። ፎቶው ላይ ግን ቀንዱን ይዞ የሚቆመው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የአገሩ ሰውም ዋልያን ያድን ነበር። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ያገለግላል፣ ቀንዱ መጠጫ ዋንጫ ይሆናል። ንጹሕ አድርገን ልንስለው አይገባም። ግን አንድን የተራራ መንደር ለዘመናት የመገበ አደንና በአንድ ሰሞን ለግድግዳ ጌጥ የሚደረግ አደን አንድ ሚዛን ላይ መቀመጣቸው አይዋጥልኝም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ.፣ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከቺካጎ ደይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር ሆኖ ትልቅ ጉዞ ላከ። ልብ በሉ፤ ጋዜጣ ነው ወጪውን የሸፈነው! (ጋዜጠኝነት ተምሬ እንዲህ ያለ ባጀት ያለው ጋዜጣ ሕልሜም ውስጥ አልመጣም።) ዊልፍሬድ ኦስጉድ የጉዞው መሪ ነበር፤ ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ ደግሞ በዘመኑ በአሜሪካ አንደኛ የሚባል የወፍ ሠዓሊ። በብዙ በቅሎ ተጭነው ሰሜን ደረሱ፣ ለሙዚየሙ ዋልያ ሰበሰቡ፣ ፉየርቴስም የኢትዮጵያን ወፎችና እንስሳት በውኃ ቀለም ሳለ። ሠዓሊው አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወር፣ ነሐሴ 1927 እ.ኤ.አ.፣ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ። መኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተረፉ። እነዚያ ሥዕሎች ውብ ናቸው፤ እውነቱን መካድ አይቻልም። የእያንዳንዱ ወፍ ስም ከስሩ ተጽፏል።

ጣሊያን መጣና ሊማሊሞን ጠርቦ መኪና አሳለፈበት። ደባርቅ ያኔ የጦር ከተማ ሆነች። አጠገቧ ያለው ወልቀፊት የጣሊያን ምሽግ ነበር፤ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከበውት ቆይተው በመስከረም 1934፣ የመስቀል ሰሞን፣ እጁን ሰጠ። ጎንደር እስክትወድቅ ሁለት ወር ቀርቶ ነበር። ዛሬም ሊማሊሞን በአውቶቡስ የሚወርድ ሰው በየመታጠፊያው እያማተበ ነው የሚወርደው፤ እኔም ጭምር።

ፓርኩ የተፀነሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ የዩኔስኮ ባለሙያዎች መጥተው አገሪቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲኖራት መከሩ። ሌዝሊ ብራውን የሚባለው እንግሊዛዊ የዋልያ ቁጥር 150 ገደማ ብቻ እንደቀረ ገመተ። የመጀመሪያው የፓርክ ዋርደን ሆኖ የተመደበው ደግሞ ልብ ወለድ የሚመስል ሰው ነው፤ ሲ. ደብልዩ. ኒኮል። ዌልስ ተወልዶ፣ ጃፓን ሄዶ ካራቴ ተምሮ፣ በአርክቲክ በረዶ ውስጥ ሠርቶ፣ ከ1960 እስከ 1961 ዓ.ም. ሰሜን ላይ ዋርደን ሆነ። ካምፕ ሠራ፣ ጠባቂዎችን ቀጠረና አሠለጠነ፣ ከአዳኞች፣ ከደን መንጣሪዎችና ከአለቆቹ ጋር ተጣላ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ስለዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሟል። ቆይቶ ጃፓን ውስጥ ታዋቂ ደራሲ ሆነ፣ የጃፓን ዜግነት ወሰደ፣ በናጋኖ የተጎዳ ደን ገዝቶ ሲያለማ ኖሮ በ2020 እ.ኤ.አ. አረፈ። ኒኮል ጠባቂዎቹን አልዘነጋቸውም፤ መጽሐፉ ውስጥ ሰው ሆነው ነው የሚታዩት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን ከብዙ አንዱ ነው፤ እሱም በአማርኛ አይደለም።

ፓርኩ በአዋጅ የተቋቋመው ኒኮል ከሄደ በኋላ ጥቅምት 1962 ላይ ነው። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ ውስጡ መንደር አለ፣ የገብስ ማሳ አለ፣ ከብት አለ። ካርታው ሲሳል ሰዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ በ1970 ዓ.ም. የጳጉሜን ቀናት ላይ ዋሽንግተን የተሰበሰበ ኮሚቴ ሰሜንን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የዓለም ቅርስ መዝገብ የተከፈተው ያን ቀን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ውስጥ ላሊበላና ሰሜን አሉበት። ኩራት ነው፣ አዎ። በዚያው ሰሞን የደርግ መንግሥት ከፓርኩ ሰሜናዊ ገደል ስር ካሉ መንደሮች ከ1000 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን በኃይል አስወጣ። የመጀመሪያውን ዜና ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሁለተኛውን እኔ ያነበብኩት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በኃይል የወጣ ሰው ለፓርክ ወዳጅ አይሆንም። ከ1975 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰሜን የጦርነት ቀጣና ሆነ፤ እስከ 1983 ድረስ እንግዳ አልገባበትም። ካምፖቹ ፈረሱ፣ ጠባቂዎቹ ተበተኑ።

ደባርቅን ዛሬ የምናውቃት ደባርቅ ያደረጋት ከ1983 በኋላ ያለው ነው። ቦርሳውን በጀርባው ያዘለ ፈረንጅ ከጎንደር በሚኒባስ መጣ። ደንቡ እንዲህ ሆነ፦ ፓርኩ ቢሮ መመዝገብ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ግዴታ፣ አስጎብኚ ከማኅበሩ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ በተራ፣ ወጥ ሠሪ ለፈለገ። ሳንቃበር አንድ ሌሊት፣ ግጭ አንድ፣ ጨነቅ አንድ፤ እግሩ የጠናለት እስከ ራስ ደጀን። «በተራ» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። በቅሎ ያለው ገበሬ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሲደርሰው ጭኖ ይሄዳል፤ በዚያ ገንዘብ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ልጁን ደባርቅ ቤት ተከራይቶ ያስተምራል። ሰኔ ሲገባ ጉሙ ይወርዳል፣ ዝናቡ ይጀምራል፣ እንግዳ ይጠፋል፤ እሱም ወደ እርሻው። መስቀል ሲያልፍ ተራራው አበባ ለብሶ፣ አየሩ ጠርቶ፣ ተራው እንደገና ይጀምራል። ሌላው ዓለም የበጋ መግቢያ የሚለው ለዚህ ሰው የማረሻ ጊዜ ነው።

ሎጅም መጣ። ቡይት ራስ ላይ በ3260 ሜትር ከፍታ የተሠራው የመጀመሪያው «በአፍሪካ ከፍተኛው ሆቴል» እየተባለ ይተዋወቅ ነበር፤ ሙቅ ውኃና ምድጃ ይዞ። በ2008 እና 2009 ዓ.ም. መካከል ደግሞ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሌላ ተከፈተ። ይሄኛው ለእኔ ታሪኩ ከሕንፃው ይበልጣል፤ ካቋቋሙት ውስጥ ሁለቱ የአካባቢው የቀድሞ አስጎብኚዎች ናቸው፣ ከውጭ ሸሪክ ጋር። ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር ነው። ከሩፔል ጀምሮ በቅሎ ሲይዝ የኖረው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱን ቁልፍ ያዘ።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፓርኩ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ዝርዝር ውስጥ ነበር። ለመውጣት ከተቀመጡት ነገሮች ውስጥ በፓርኩ ያለውን ሰፈራና ግጦሽ መቀነስ ይገኝበታል። የግጭ መንደር፣ 418 አባወራ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወረ። በ2009 ዓ.ም. ክራኮው ላይ የተሰበሰበው ኮሚቴ ሰሜንን ከአደጋው ዝርዝር አወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይሄን «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ይለዋል። የሚያነሳው ጥያቄ አጥንት ይነካል፦ በፈረንሳይ ሴቬን ተራሮች ላይ ያለው እረኛ ቅርሱ ራሱ እሱ ነው ተብሎ ይደገፋል፤ ሰሜን ላይ ያለው እረኛ ደግሞ ቅርሱን አጥፊ ነው ተብሎ ይነሳል። ለምን?

ብላን ባለው ሁሉ አልስማማም። የግጭ ሜዳ በግጦሽ ተላጭቶ እንደነበር ሁሉም ይናገራል፤ ዋልያም የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም፣ ለሴቬን በግ ግን አለ። ፓርኩ በአዋጅ ተሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር መድረሱና የዋልያ ቁጥር በ2015 እ.ኤ.አ. ከ800 በላይ መሆኑም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ግን ገበሬን ከማሳው አንስቶ ከተማ ዳር ቤት መስጠትና «ቱሪዝሙ ይይዝሃል» ማለት ትልቅ ቃል ነው። ቃሉ የቆመው እንግዳው በመምጣቱ ላይ ነዋ!

እንግዳውስ? በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ነደደ፤ ጓሳውም አስታውም። የደባርቅ ሰው በቅርንጫፍ እየመታ ሲያጠፋ ሰነበተ፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። በ2012 ኮሮና ሆነ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ደባርቅና ዳባት ደጃፍ ደረሰ፤ የትግራይ ኃይሎች ይዘዋት በነበረችው በዳባቷ ጭና በነሐሴ መጨረሻ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የተቀበሩትን አይተናል፤ በስልካችን፣ ሌላ ቪዲዮ እስኪመጣ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፣ የውጭ መንግሥታት ዜጎቻችን አይሂዱ አሉ። የዋልያ ቁጥር ዛሬ በ2015 እ.ኤ.አ. ከተቆጠረው ከግማሽ በታች እንደሆነ ይነገራል፤ ጠባቂው በማይደርስበት ቦታ ጥይት ይደርሳል።

በዚህ ሁሉ መካከል ደባርቅ ላይ የበቅሎው ተራ አለ። የተመዘገበው ሰው ስሙ ተጽፎለታል፤ ሩፔል ያልጻፈው፣ ሜይደን ያልጻፈው ስም እዚያ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሰፍሯል፤ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን ተራው የደረሰበት ቀን። እንግዳ በሚጎርፍበት ጊዜ ዝርዝሩ በጥቂት ሳምንት ዞሮ ይመለስ ነበር። እንግዳ በጠፋባቸው ወራት ግን በቅሎዋ ገብስ ትበላለች፤ ባለቤቷም ይሽጣት ወይ ያቆያት እያለ ያስባል።